«ጌሾ የለውም» ማለት «አልኮል የለውም» ማለት ነው? የአንድ መራራ ቅጠል ታሪክ

ዛሬ ስለ አንድ ቅጠል ታሪክ እናወጋለን። ረዘም ያለ ጽሑፍ ስለሆነ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

እዚህ ሺንሺቾና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ነፍሰ ጡሮችንና አራሶችን ሳይ «አልኮል ይጠጣሉ?» ብዬ መጠየቅ የሥራዬ አካል ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ኧረ ዶክተር! እኔ የሃይማኖት ሰው ነኝ። ቦርዴ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ጌሾ የለውም።» የሚመልሱልኝ በቅንነት ነው፣ ማንም የሚዋሸኝ የለም። ጌሾ የገባበት መጠጥ ነው፣ ያልገባበት ምግብ ነው የሚለው አስተሳሰብ በአገራችን ሥር የሰደደ ነው። ማር በውሃ ተበጥብጦ ጌሾ ሲገባበት ጠጅ ይባላል፣ ሳይገባበት ብርዝ ይባላል። ብርዙን ሕፃኑም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም ይጠጣዋል። እናም ሰው ሁሉ የሚያሰክረው ጌሾው ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

ግን ጌሾ አያሰክርም። አልኮል የሚሠራው እርሾ ነው፤ ስኳር ባገኘበት ሁሉ ይሠራል። ታዲያ ጌሾ ጋን ውስጥ ምን ይሠራል? እናቶቻችንስ ለምን ያንን ሁሉ ድካም ደከሙበት?

በአገራችን የእህል መጠጥ ጥንታዊ ነው። የአክሱሙ ንጉሥ ዔዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ ላይ፣ ከአገራቸው አንስቶ በሌላ ቦታ ያሰፈራቸውን የቤጃ ሰዎች በጉዞ ላይ ምን እንዳበላቸውና ምን እንዳጠጣቸው ሲዘረዝር ከዳቦና ከሥጋ ጋር የእህል ጠላና የወይን ጠጅ ይጠቅሳል። ከዚያ ወዲህ ጠላ በሰሜን «ስዋ»፣ በኦሮሞ «ፋርሶ» እየተባለ የየአካባቢው መልክ ይዟል። ጠላ ስትጠምቅ ያደገች ሴት ሂደቱን ከእኔ በላይ ታውቃለች፤ ለማያውቁት ግን በአጭሩ ልበለው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፣ በወይራ ጢስ ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ተዘፍዝፎ ለጥቂት ቀናት ይቀመጣል፤ ይህ ጥንስስ ነው። ከዚያ ብቅልና ኪታ ይገባል፣ ቀጥሎ የተቆላው እህል ወይም እንኩሮው ይጨመርና ድፍድፍ ይሆናል። በመጨረሻ ውሃ ተጨምሮበት ይከደናል። ሳይጣራ ቶሎ የተጠጣው ጉሽ ነው፣ ከአተላው ላይ በድጋሚ ውሃ ተደርጎ የሚወጣው ደግሞ ቅራሪ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ብቅሉና እህሉ ከመግባታቸው በፊት ሦስት ተክሎች ሥራ ጀምረዋል፦ ግራዋ፣ ወይራና ጌሾ። ግራዋው ያጥባል፣ የወይራው ጢስ ጋኑን ያጥናል፣ ሽታም ይሰጣል። ጌሾው ግን ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ በቅጠሉና በእንጨቱ ላይ እርሾና ሌሎች ጥቃቅን ሕዋሳት አብረው ስለሚመጡ መብላላቱን ያስጀምራል። ሁለተኛ፣ መራራነቱ መጠጡን በቶሎ ሊያኮመጥጡ የሚችሉትን ባክቴሪያዎች ያዳክማል። አንዱን ተሐዋሲ እየጋበዘ ሌላውን ያባርራል ማለት ነው። ይህ ሁሉ የታወቀው ማይክሮስኮፕ ሳይኖር፣ በመቅመስና በማሽተት ብቻ ነው፤ የደረሱበትም ወንዶች አይደሉም።

የጌሾ ሳይንሳዊ ስም ራምነስ ፕሪኖይደስ ነው። ዘመዱ ጸዶም በጠጅ ውስጥ ይገባል፤ የእሱ ሳይንሳዊ ስም ራምነስ ስታዶ ሲሆን ከራሳችን «ጸዶ» ከሚለው ቃል የተወሰደ ነው። ስሙን ያወጣው አሺል ሪሻር የተባለ ፈረንሳዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው፣ በ1847 እ.ኤ.አ.። ሪሻር ራሱ ግን ወደ አበሻ ምድር አልመጣም። ዕፅዋቱን የሰበሰቡለት ከሌፌቭር ጉዞ ጋር የመጡ ሁለት ሐኪሞች፣ ካርታን ዲዮንና ፔቲ ናቸው። ሁለቱም ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ አንዱ በንዳድ ሞተ፣ ሌላው ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። ሐኪም ስለሆንኩ መሰለኝ፣ ጸዶ ባየሁ ቁጥር እነሱ ትዝ ይሉኛል።

መራራው ነገር ራሱ በኬሚስቶች እጅ እስኪገባ ድረስ ረጅም ጊዜ ወስዷል። በ1995 እ.ኤ.አ. ብርሃኑ አበጋዝና ተሾመ ከበደ የተባሉ ኢትዮጵያውያን ኬሚስቶች በኢትዮጵያ ኬሚካል ሶሳይቲ ቡለቲን ላይ የጌሾን ቅጠል መራራ ንጥረ ነገር ለይተው አሳወቁ፤ ስሙንም «ጌሾይዲን» አሉት። እኔ ይህን ስም እወደዋለሁ። በዓለም የኬሚስትሪ መዝገብ ውስጥ የጠላ ቤት ሽታ ያለው ቃል ማግኘት ደስ ይላል።

አውሮፓውያንም ከመጠጥ መበላሸት ጋር ሲታገሉ የሄዱበት መንገድ ከእኛ ጋር ይመሳሰላል። በመካከለኛው ዘመን ቢራቸውን የሚያጣፍጡት «ግሩት» በሚባል የዕፅዋት ድብልቅ ነበር፤ በረግረግ የሚበቅል ቁጥቋጦና የተለያዩ የዱር ቅጠሎች ይገቡበታል። ሆፕስ የሚባለው ሐረግ በጽሑፍ ከቢራ ጋር ተያይዞ የተነሳው በ822 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የኮርቢ ገዳም አበምኔት አዳልሃርድ ባወጣው የገዳም ደንብ ውስጥ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በሕክምና ዕውቀቷ የታወቀችው ጀርመናዊት መነኩሲት፣ የቢንገኗ ሂልደጋርድ፣ የሆፕስ መራራነት መጠጥን ከመበላሸት እንደሚጠብቅ ጻፈች። እዚያው ላይ ሰውን ያስተክዛል ብላም አማችዋለች። በ1516 የባቫሪያው መስፍን ቪልሄልም 4ኛ በቢራ ውስጥ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውሃ በቀር ምንም እንዳይገባ አወጀ። እርሾ በአዋጁ ውስጥ የለም። ምን እንደሚያስክራቸው አያውቁም ነበር ማለት ነው። አልኮልን የሚሠራው ሕይወት ያለው እርሾ መሆኑን ሉዊ ፓስተር ያስረዳው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ስለዚህ «የሚያሰክረው ጌሾው ነው» የሚሉ እናቶቻችን ላይ የሚስቅ ሰው ካለ በመጀመሪያ በባቫሪያው መስፍን ይሳቅ።

በ1922 እ.ኤ.አ. (1915 ዓ.ም.) የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ አዲስ አበባ ሲቋቋም የፈረንጁ መራራ ቅጠል ከጠርሙሱ ጋር አብሮ ገባ። ሆፕስ ዛሬም ከውጭ ይመጣል። ጌሾ ደግሞ በጓሯችን አለ።

አሁን ወደ እኛ አካባቢ ልመለስ። በደቡቡ የአገራችን ክፍል፣ በከምባታና በሐዲያ ጭምር፣ የቆየው መጠጥ ቦርዴ ነው። በቆሎ፣ ገብስ ወይም ሌላ እህል ከብቅል ጋር በተለያየ ደረጃ እየተብላላ ወደ አራት ቀን ገደማ ይወስዳል። ሲደርስ ወፍራም፣ ጣፋጭና ጎምዛዛ፣ አረፋውም ገና ያልበረደ ይሆናል። ጌሾ የለውም፤ የማይገባበትም ምክንያት ግልጽ ነው፦ ቦርዴ የሚጠመቀው በዕለቱ እንዲያልቅ ነው። ሲያድር ይኮመጥጣል፣ ሰው አይፈልገውም። ጌሾ ዕድሜ ማራዘሚያ ነው፤ ዕድሜው አንድ ቀን ለሆነ መጠጥ ዕድሜ ማራዘሚያ ምን ያደርግለታል? ጠላ ለማኅበር፣ ለሠርግ፣ ለደቦ ተብሎ ቀድሞ ይጠመቃል፣ ይከረማልም፤ ቦርዴ ግን ምሳ ነው። በብዙ ቤት በእርግጥም ምሳ ነው፤ ገቢው አነስተኛ የሆነ ሠራተኛ ጠዋት በአንድ ጣሳ ቦርዴ ወደ ሥራው ይሄዳል። በከተሞች የሚጠጣው ሻሜታም የዚሁ ዘመድ ነው። ከተቆላ ገብስ ዱቄት፣ ከጨው፣ ከተልባና ከቅመማ ቅመም በአንድ ሌሊት ይዘጋጃል፣ ከትናንቱ ሻሜታ ትንሽ ተጨምሮበት።

ከእኛ ወደ ደቡብ ወረድ ስንል ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። በኮንሶና በዲራሼ ጨቃ ወይም ፓርሾት በሚባለው መጠጥ ውስጥ ጎመንና የሽፈራው ቅጠል ይገባል። የሚገባውም ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ከዱቄቱ ጋር ተብላልቶ የማኮምጠጡን ደረጃ የሚያስኬድ ነው። ለብዙ የዲራሼ ገበሬ ይህ መጠጥ ዋና ምግቡ ነው። በአንድ አገር ውስጥ አንዱ ቅጠል እንዳይኮመጥጥ ብሎ ይጨምራል፣ ሌላው እንዲኮመጥጥ ብሎ ይጨምራል!

በከምባታና በሐዲያ ሌላ ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ ቶማስ ላምቢ በተባለ ሐኪም የሚመራው የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ቡድን ወደ ደቡብ ወርዶ በሆሳዕና፣ በወላይታ ሶዶና በሲዳማ ጣቢያ ከፈተ። ከዚያ የበቀለው የወንጌላውያን እንቅስቃሴ አባላቱን ከጠላ፣ ከጠጅና ከአረቄ አራቀ። ይህ በሕዝብ ጤና ዓይን ሲታይ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም ሐኪም የሚመኘውን ያህል ቤተሰብ በአንድ ትውልድ መጠጥ አቆመ። ግን ክልከላው በየቤቱ ሲተረጎም ድንበሩ አንዳንድ ቦታ ጌሾ ላይ ተሰመረ። ጌሾ ያለበት መጠጥ ተከለከለ፤ የሌለበት ግን «ምግብ ነው» ተብሎ በበሩ ገባ።

እስቲ ቀለል ያለ ሂሳብ እንሥራ። የቦርዴ አልኮል ከጠላ ያነሰ ነው፤ ጠላ እንደ አጠማመቁ በግምት ከ2 እስከ 6 በመቶ ይደርሳል። ቦርዴው 2 በመቶ ብቻ ነው እንበል። አንድ ሊትር ቢጠጣ 20 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ነው። አንድ 330 ሚሊ ሊትር የሆነ 5 በመቶ ጠርሙስ ቢራ ደግሞ 16.5 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ስለዚህ አንድ ሊትር «ቀላል» ቦርዴ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ይበልጣል ማለት ነው። ቢራን በሊትር የሚጠጣ ጥቂት ነው፣ ቦርዴን ግን ምግብ ነውና በሊትር መጠጣት የተለመደ ነው። ብርዙም ቢሆን በተበጠበጠበት ቀን ሲጠጣ ማርና ውሃ ነው። ሦስት አራት ቀን ሙቀት ባለበት ቤት ቢቀመጥ ጌሾ ሳይነካው አልኮል ይሆናል፤ እርሾው ማሩ ውስጥም፣ ዕቃው ላይም፣ አየሩም ላይ አለ።

ይህ ሁሉ የሚያሳስበኝ በተለይ በአራስ ቤት ነው። ቦርዴ ወተት ያመጣል ተብሎ ስለሚታመን አራሷ በብዛት እንድትጠጣ ትመከራለች፤ አማቷም፣ ጎረቤቷም ይዘውላት ይመጣሉ። እምነቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። በገብስና በብቅል ውስጥ ወተት የሚያስመርተውን ፕሮላክቲን የተባለ ሆርሞን ከፍ የሚያደርግ ነገር እንዳለ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ፈሳሹና ጉልበት ሰጪው እህልም አራሷን ይጠቅማል። ችግሩ አብሮ የሚመጣው አልኮል ነው። አልኮል ወተቱን ከጡት እንዲፈስ የሚያደርገውን ኦክሲቶሲን ያዳክማል። እናት የጠጣችው አልኮል በደሟ ውስጥ ባለው መጠን በወተቷ ውስጥም ይገኛል፤ ከጠጣች ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል። በ1991 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት እናቶች አልኮል ከወሰዱ በኋላ ሕፃናቱ ከወትሮው ያነሰ ወተት እንደጠቡ አሳይቷል። እናት «ወተቴ ሞላ» ትላለች፣ ልጁ ግን ከወትሮው ያነሰ ጠብቶ ይተኛል። ያ እንቅልፍ ደግሞ «ጠግቦ ነው» ይባላል።

ገብሱ ጥሩ ከሆነ ገብሱን ሳይብላላ ስጧት። የገብስ ወይም የአጃ አጥሚት፣ ሙቅ፣ ገንፎ በቅቤ፤ ፈሳሹም፣ ጉልበቱም፣ ያ ፕሮላክቲን የሚያነሳሳው ነገርም በዚያው አለ፣ አልኮሉ ብቻ ቀርቶ። አያቶቻችን አራስን ገንፎ ማብላታቸውን ማንም አልከለከላቸውም። ለነፍሰ ጡር ደግሞ የምመክረው መጠን የለም። በእርግዝና ጊዜ «ይህን ያህል አይጎዳም» ተብሎ የተረጋገጠ የአልኮል መጠን ስለሌለ ምንም አለመጠጣት ነው።

እዚህ ላይ ከጌሾ ደጋፊዎች የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ጌሾ መድኃኒት አይደለም እንዴ? ቶንሲል ይሽራል፣ ጉበት ያጥባል ይባላል።» በገጠር ቅጠሉን ለቶንሲል ማኘክ፣ ለችፌ ቀጥቅጦ መቀባት የቆየ ልምድ ነው። የጌሾ ጭማቂ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ሲያዳክም ታይቷልም። ነገር ግን ሳህን ላይ የሆነው ጉሮሮ ውስጥ ይሆናል ማለት አይደለም። ልጅ ላይ በስትሬፕቶኮከስ የሚመጣ ቶንሲል በፔኒሲሊን ወይም በአሞክሳሲሊን በአግባቡ ካልታከመ ወደ ልብ ሩማቲክ በሽታ ሊሄድ ይችላል፤ የልብ በር ተበላሽቶ የሚመጡ ወጣቶችን ላየ ሐኪም ይህ ቀልድ አይደለም። በጌሾና በዘመዶቹ ውስጥ አንትራኩዊኖን የሚባሉ ሆድ የሚያስኬዱ ንጥረ ነገሮችም አሉ፤ ጠላ ሲበዛ ሆድ ከሚያላላባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ሊሆን ይችላል። «ጉበት ያጥባል» የሚለው ደግሞ ከሁሉም ይገርመኛል። ጌሾውን ጉበት ጋ የሚያደርሰው አልኮሉ ነው፣ ጉበት የሚጎዳውም ያው አልኮል ነው።

መድኃኒትን በጠላ ማወራረድ ግን ጥንት የነበረ ነገር ነው። ከ1769 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን የቆየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ኮሶ እንዴት እንደሚወሰድ ጽፏል፦ የደረቀው አበባ ከጤፍ በተጠመቀ መጠጥ ውስጥ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድርና ጠዋት ይጠጣል። ብሩስ የኮሶን ዛፍ ሥዕልም አውጥቶ ለወዳጁ ለጆሴፍ ባንክስ መታሰቢያ ብሎ ስም ሰጠው። ከዚያ በኋላ በነበረው ክፍለ ዘመን የእኛ ኮሶ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ተሸጠ። ኮሶ ትሉን በእውነት ያስወጣል። ግን መጠኑ ሲያልፍ የዓይን ነርቭን ጎድቶ እስከ መታወር ሊያደርስ ይችላል፤ በአገራችንም በእሱ ምክንያት ዓይናቸው የተጎዳ ሰዎች ተመዝግበዋል። ዛሬ ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ ባለበት አገር ማንም ሰው ለኮሶ ትል ብሎ ዓይኑን ለአደጋ ማጋለጥ የለበትም።

«ተክል ነው፣ ተፈጥሯዊ ነው፣ ምን ያደርጋል?» የሚለውን ንግግር ስሰማ ሁለት ታሪኮች ይመጡብኛል።

አንዱ የለንደን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ብቅልና ሆፕስ ሲወደድ አንዳንድ ጠማቂዎች ቢራውን አቅጥነው ኃይል እንዲመስልለት «ኮኩለስ ኢንዲከስ» የሚባል ፍሬ ይጨምሩበት ጀመር። ይህ ፍሬ በእስያ ዓሣ ለማደንዘዝ የሚያገለግል ነው፤ የእኛን ብርብራ አስቡት። በውስጡ ያለው ፒክሮቶክሲን ሰውን ያደነዝዛል፣ ሲበዛ ያንቀጠቅጣል። በ1816 የእንግሊዝ ሕግ ጠማቂዎች ከብቅልና ከሆፕስ በቀር ምንም እንዳይጠቀሙ ከለከለ። ክልከላው ግን ብቻውን አልበቃም። በ1820 ፍሬድሪክ አኩም የተባለ ኬሚስት በምግብና በመጠጥ ውስጥ ስለሚገቡ መርዞች መጽሐፍ አወጣ፣ የተቀጡትን ጠማቂዎችም በስም ጠቀሰ። የመጀመሪያው 1,000 ቅጂ በወር ውስጥ አለቀ። አኩም ብዙም ሳይቆይ ከቤተ መጻሕፍት ገጽ ቀደደ ተብሎ ተከሶ ከአገር ወጣ። ጠላት እንዳበዛ መገመት ይቻላል።

ሌላው የራሳችን ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. አካባቢ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ ታሕታይ ቆራሮ ወረዳ፣ ጻዕዳ እምባ በምትባል መንደር ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ፣ ጉበታቸው እየተጎዳ መሞት ጀመሩ። ዓመታት የፈጀ ምርመራ ተደረገ፤ የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩትም፣ የአሜሪካው ሲዲሲም ተሳተፉበት። መንስኤው በእህል ማሳ ውስጥ የሚበቅል አጌራተም የተባለ አረም ላይ ተነጣጠረ። አረሙ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባል ጉበት የሚያጠፋ መርዝ አለው። የዲዲቲ ተባይ ማጥፊያም አብሮ ተነስቷል። ማንም ሆን ብሎ የጨመረው አልነበረም፤ ከእህሉ ጋር ታጭዶ፣ ተወቅቶ የገባ ቅጠልና ዘር ነው። ለመጠጥም የሚሆን እህል ከዚያው ጎተራ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ለቦርዴም፣ ለጠላም፣ ለልጆች ገንፎም የሚሆነውን እህል ከመፍጨታችሁ በፊት ማበጠርና መልቀም ሥራ ማብዛት አይደለም። በተለይ አስተናግር የሚባለውን ተክል ፍሬ ልብ በሉ። ስሙ ራሱ የሚያደርገውን ይናገራል፤ የበላው ሰው ይዘባርቃል። አፉ ይደርቃል፣ ዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ በጣም ይመታል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ የሌለ ነገር ያያል። «ሰከረ» ተብሎ የሚተኛ ሰው ላይ እነዚህ ምልክቶች ካያችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ወደ ጤና ተቋም አምጡት። በ2019 በዩጋንዳ ካራሞጃ አካባቢ የዚህ ዓይነት መርዝ ያለበት የዕርዳታ ዱቄት ከሦስት መቶ የማያንሱ ሰዎችን አሳምሞ አምስቱ ሞተዋል።

አሁን አሁን ደግሞ በጠላና በጠጅ ላይ አዳዲስ ነገር መሞከር መጥቷል። ዝንጅብል፣ ሻይ ቅጠል፣ ጤና አዳም፣ ከርከዴ የሚጨምሩ ወጣቶች አሉ። እነዚህን በምግብ ስለምናውቃቸው በማጣፈጫ መጠን አልፈራቸውም፤ ሻይ ቅጠልም በቢራ ውስጥ በውጭ አገር የተለመደ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ «ቶሎ እንዲመታ» ተብሎ የሚጨመር፣ ስሙ የማይነገር ቅጠል ወይም ኪኒን ነው። አኩም የጻፈው ነገር ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም ሥራው ያው ነው፦ ውድ የሆነውን እህል በርካሽ መርዝ መተካት።

ሌላው የማይረሳ ነገር ውሃው ነው። ጌሾ በጋን ውስጥ ባክቴሪያን ያዳክማል ስንል በቀናት ውስጥ ነው። ቦርዴ ሲጠጣ፣ ጠላም ሲቀጥን የሚጨመረው የመጨረሻው ውሃ ግን ከጣሳው ወደ አፍ ነው የሚሄደው። አሲዱ የተወሰነ ይከላከል እንደሆን እንጂ ለዚያ ውሃ ጊዜ የለውም። አተት በሚነሳበት ክረምት ይህ ውሃ የፈላና የቀዘቀዘ፣ ወይም በውሃ አጋር የታከመ ይሁን። ጣሳውም እጅ የሚነከርበት ባይሆን ይመረጣል።

መድኃኒት ላይ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ለብቻ አስቡበት። የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጉበቱ አስቀድሞ ሥራ በዝቶበታል፣ አልኮል ሲጨመርበት መጎዳቱ ይብሳል። ሄፓታይተስ ቢ ያለበትም እንዲሁ። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ታካሚ ምግብ ሳይበላ ቦርዴ ጠጥቶ ቢተኛ ስኳሩ በሌሊት ሊወርድበት ይችላል። ሰው ግን ጠጥቶ ነው የተኛው ይላል፣ አይቀሰቅሰውም። ፌኖባርቢታል የሚወስድ የሚጥል በሽታ ታካሚም መድኃኒቱና አልኮሉ ተደራርበው ትንፋሹን ሊያዳክሙት ይችላሉ። ሜትሮኒዳዞል ወይም ቲኒዳዞል የታዘዘለት ሰው በሕክምናው ጊዜና ካበቃ በኋላ ለጥቂት ቀናት መጠጥ እንዳይነካ የምንነግረው ለዚህ ነው፤ ቦርዴም በዚህ ውስጥ ይቆጠራል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ለጤና ምንም ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ ገልጿል። በአገራችን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ (1112/2011) ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ የተከለከለ ነው። አዋጁ ግን የጠርሙሱን እንጂ የጣሳውን ዕድሜ አይጠይቅም። በየቤቱ ለሚጠመቀው መለያ ጽሑፍ የሚለጥፍለት የለም።

ስለዚህ ክሊኒክ መጥታችሁ «ምን ይጠጣሉ?» ስትባሉ ስሙን ብቻ አትንገሩን። ከምን እህል እንደተሠራ፣ ስንት ቀን እንደተቀመጠ፣ በቀን ስንት ጣሳ እንደሚጠጣ፣ ምን ቅጠል እንደገባበት ንገሩን። ጌሾ መግባት አለመግባቱን ባትነግሩንም ችግር የለውም። ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ የአራሶችን ጥያቄ አስቀድሜ እመልሳለሁ።